ሁለት ድስት ለአንድ ምድጃ

እኔ ከጎንደር ርቄ የሄድኩት እስከ ድብ ባሕር ነው፤ እሱም ለልቅሶ። ስለ ሕንድ አገር ግን የማላውቀው ጥቂት ነው። ሩዝ ስንት ውሃ እንደሚፈልግ፣ ባቡር ሠላሳ ሰዓት ሲጓዝ ሰው የት እንደሚተኛ፣ ክረምት ሲገባ ጫማ በስንት ቀን እንደሚሻግት አውቃለሁ። ሁሉንም የነገረኝ ፍቅረ ማርያም ነው።

ፒያሳ አካባቢ ኢንተርኔት ቤት አለኝ። ስድስት ኮምፒውተር አለው፤ አራቱ ይሠራሉ፣ ሁለቱ ለክብር ተቀምጠዋል። ትምህርቴን ስምንተኛ ክፍል ላይ አቁሜያለሁ። የቀረውን የተማርኩት ደንበኞች ያነበቡትን ሳይዘጉ ሲሄዱ ነው።

ፍቅረ ማርያም እዚህ ሳለ ደንበኛዬ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ማመልከቻ ሊያሳትም ሲመጣ «ስንት ገጽ ነው?» ከመባባል አላለፍንም። ወዳጅ የሆንነው አዘዞ ላይ አውሮፕላን ከተሳፈረ በኋላ ነው። በሄደ በሳምንቱ በፌስቡክ «አስማረ፣ ሽሮ ሲንተከተክ ውሃ ይጨመርበታል?» ብሎ ጻፈልኝ። እናቱን እንዳይጠይቅ ተርቧል ብለው ያለቅሳሉ። የሰፈር ጓደኞቹን እንዳይጠይቅ ይሥቁበታል። እኔና እሱ ግን የምንሣሣቅበት ያህል እንኳ አንተዋወቅም ነበር፤ ለዚህ ተመረጥኩ። ውሃ እንደሚጨመር ነገርኩት። ከዚያ ወዲህ የተጻጻፍነው ቢታተም የቤቴን ወረቀት ይጨርሳል።

አባቱ መሪጌታ ወልደኢየሱስ ናቸው። ቀሐ ሰፈር ይኖራሉ። የከተማው ዲያቆን ግማሹ ዜማ የተማረው ከእሳቸው ስለሆነ ያልተማርነውም ጭምር «የኔታ» እንላቸዋለን። ፍቅረ ማርያምም ዲያቆን ነው። ሕንድ አገር አብሮት የሚኖረው ደግሞ ሱሀይብ ይባላል፤ የሐጂ አብዱልመናን ልጅ ነው። ሐጂ አዲስ ዓለም ሰፈር ውስጥ የቤት ዕቃ ይሸጣሉ፤ አያታቸውም እዚያው ሱቅ ውስጥ ይሸጡ ነበር። ከሐጂ ሱቅ ያልወጣ ድስት ያለበት ቤት ጎንደር ውስጥ ቢፈለግ አይገኝም።

ልጆቹ በእግር የግማሽ ሰዓት መንገድ ተራርቀው አድገው አንድ ቀን አልተያዩም። የተዋወቁት ለትምህርት ሊሄዱ ሲሉ በፌስቡክ ነው። «አንተም ጎንደር?» «አዎ፣ ቀሐ።» «ሂድ ወዲያ! እኔ አዲስ ዓለም።» ተባባሉና ፑኔ በምትባል ከተማ አንድ ክፍል ተከራዩ። ክፍሉ አንድ ድስትና አንድ የጋዝ ምድጃ ነበረው።

ችግሩ ድስቱ ላይ ነው። እኛ አገር ክርስቲያንና እስላም ሐዘንም ሰርግም ይጋራል፤ ሥጋ ግን አይጋራም። በስመ አብ ተብሎ የታረደውን እስላም አይቀምስም፤ በቢስሚላህ የታረደውን ክርስቲያን አይቀምስም። ደግ ደጋሽ ለሌላው ወገን ለብቻው በግ ይገዛል፣ አራጁንም ድስቱንም ከዚያው ወገን ያስመጣል። ይህ ጥል አይደለም። እንዲያውም ድስት ያልለየ ጎረቤት «ንቆናል» ተብሎ ይታማል።

አንድ ድስት ያላቸው ልጆች ታዲያ ቀላሉን መንገድ መረጡ፤ ዓመቱን ሙሉ የጾም መብላት። ምስር፣ ሩዝ፣ ድንች፣ ሰው ሲመጣ ደግሞ ከቤት የተላከ ሽሮ። ሱሀይብ በዚህ ይማረር ነበር። «ከሁሉ የተጎዳሁት እኔ ነኝ» ይላል፤ «የራሴንም እጾማለሁ፣ ያንተንም እጾማለሁ።»

በአምስተኛው ወር ሱሀይብ ከሱቅ አንድ ነገር ይዞ መጣ። ከአኩሪ አተር ዱቄት የተሠራ፣ ደርቆ የተቆራረጠ፣ ሲያዩት የጫማ ሶል የሚመስል። ሕንዶቹ ሥጋ የማይበሉት ይወዱታል፤ ርካሽ ነው። ውሃ ውስጥ ሲነከር እንደ ስፖንጅ ያብጣል። በበርበሬ ሲቁላላ ቁርጥ የበግ ወጥ ይመስላል። «ሲታኘክስ?» ብዬ ጻፍኩለት። «ዓይንህን ከጨፈንክ ባቄላ ነው፤ ከገለጥክ በግ ነው» ብሎ መለሰልኝ።

በሁለት ሺህ ሰባት ዓመተ ምሕረት፣ የዐቢይ ጾም እኩሌታ ላይ፣ ሱሀይብ ፎቶ ለጠፈ። ሁለቱ ወለሉ ላይ ተቀምጠው ከአንድ ትሪ ይበላሉ። ትሪው ላይ ቀይ ወጥ አለ፤ ወጡ ውስጥ ጠቆር ያለ፣ ጅማት ጅማት የሚል፣ ዘይት ያዘለ ነገር። ከሥሩ «ዛሬስ ጠገብን» ይላል። እኔ ምን እንደሆነ ስለማውቅ ላይክ አድርጌ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

ዋኘው ግን አላወቀም። ዋኘው የየኔታ የእህት ልጅ ነው፤ ከተማ ውስጥ የሚወራ ነገር ሁሉ በእሱ ስልክ በኩል ያልፋል። እሑድ ከቅዳሴ ሲወጡ ጠብቆ፣ «የኔታ፣ ይኼ የኛ ፍቅሬ አይደለም?» አላቸው። ጥያቄ አልነበረም። ዙሪያውን ሰው ቆሞ ነበር።

ሰኞ ጠዋት የኔታ ቤቴ መጡ። ከዚያ በፊት ገብተው አያውቁም። መቋሚያቸውን ግድግዳ አስደግፈው ተቀመጡ።

«ያን ሥዕል አውጣው።»

አወጣሁት።

«አስፋው።»

አሰፋሁት።

«ምንድነው ይኼ?»

«አኩሪ አተር ነው የኔታ።»

«አኩሪ አተር አላውቅም ልበል?»

«ያውቃሉ እንጂ።»

«አኩሪ አተር ጅማት አለው?»

«የሕንዱ አለው።»

ፊቴን አዩኝ። እውነት ስናገር ፊቴ የውሸታም ይመስላል፤ ከልጅነቴ ጀምሮ የተጎዳሁበት ነገር ነው።

«ስማ አስማረ» አሉኝ፤ «የሐጂ አብዱልመናንን ቤት አውቃለሁ። አባቱም አያቱም ከሥርዓታቸው ዝንፍ አላሉም። ያ ልጅ በስመ አብ የተባለበትን ሥጋ በአፉ አያዞርም። ደግሞ እየበላ ነው። እንግዲህ የታረደው በእነሱ ነው። የበላው ማነው? የኔ ነው። ያውም በጾም።»

ከዚያ «ጻፍ» አሉኝ። ጻፍኩ። «ሳምንት ሳይሞላ ከዚያ ቤት ውጣ። ካልወጣህ አባት የለህም።» ሰላምታ ልጨምርበት? ብዬ ጠየቅኋቸው። አያስፈልግም አሉ።

ፍቅረ ማርያም ወዲያው ለእኔ ጻፈልኝ። ብቻውን ቤት የሚከራይበት አቅም የለውም፤ የዩኒቨርሲቲው ማደሪያ ሞልቷል። ሊመረቅ የቀረው ሦስት ወር ነው። «ከወጣሁ መመለሴ ነው። ባዶ እጄን። ካልወጣሁ ደግሞ የምመለስበት ቤት የለኝም» አለኝ። ሽሮ ቢሆን እመልስለት ነበር።

ከምሳ በኋላ ሐጂ አብዱልመናን ገቡ። ወፍራም ናቸው፤ ሲቀመጡ ወንበሬ አቃሰተ።

«ልጄ ሰልማ አንድ ፎቶ አሳየችኝ» አሉ።

«አኩሪ አተር ነው ሐጂ።»

«ሳልጠይቅህ?»

ፎቶውን አወጣሁላቸው።

«ስማኝ» አሉ ሐጂ። «የመሪጌታን ልጅ ዲያቆን ነው ይሉታል። ዲያቆን የእስላም ካራ ከሚነካ ሞቱን ይመርጣል፤ አባቱን አውቃቸዋለሁ። እሱ ከበላ የታረደው በእነሱ ነው። ታዲያ አብሮ የሚጎርሰው ማነው? የኔው ጉድ ነው። ወላሂ አንገቴን ደፋሁ።»

ዲያቆን በዐቢይ ጾም ሥጋ እንዴት ይበላል የሚለው ለሐጂ አልታያቸውም። ለሁለቱም የሌላው ልጅ ጨዋነት ጥያቄ አልነበረም። የጠረጠሩት የገዛ ልጃቸውን ነው። አባትነት እንዲህ ከሆነ አለማግባቴ ደግ ነው አልኩ በሆዴ።

«ሐጂ፣ የኔታ ጠዋት እዚህ ነበሩ» አልኳቸው። «እሳቸው ደግሞ የእርስዎ ልጅ ከሥርዓቱ አይወጣም፤ የወጣው የኔ ነው ብለው ከቤቱ እንዲለቅ አዘዙት።»

ሐጂ ወደ አንዱ የማይሠራ ኮምፒውተር ዞሩ።

«የኔን ልጅ አመኑት?»

«አዎ።»

«ሳያውቁት?»

«ቤቱን አውቃለሁ ነው ያሉት።»

ሐጂ ተነሡ። «እኔው ሄጄ እጠራቸዋለሁ። ልጆቹ እያየናቸው ይሥሩት። ይቻላል ይኼ በዚህ ነገር?» ብለው ስክሪኑን በጣታቸው አንኳኩ።

ይቻላል አልኳቸው። መብራት ካለ።

ሐሙስ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ሁለቱ አባቶች ጎን ለጎን ተቀመጡ። ሌላ ደንበኛ እንዳይገባ በሩን ገርበብ አደረግሁት። ስካይፕ ጮኸ፣ ጮኸና ልጆቹ ብቅ አሉ፤ ከኋላቸው ምድጃው፣ ምድጃው ላይ ያ አንዱ ድስት። ፍቅረ ማርያም ከስቷል። ነጠላውን አጣፍቶ ለብሷል፤ ምግብ ለማብሰል ነጠላ የሚያጣፋ ሰው ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

«እንደምን ዋልክ አባ።»

«ይመስገን» አሉ የኔታ ወደ ጎን እያዩ።

ሱሀይብ ፈጠን ብሎ ገባበት። «የኔታ፣ እዚህ ቤት ሥጋ የሚባል አይገባም እኮ። አከራያችን ከልክላለች። ከገባ ትወጣላችሁ ብላናለች።»

«እስላም ናት?» አሉ ሐጂ።

«አይደለችም አባዬ።»

«ክርስቲያን ናት?» አሉ የኔታ።

«አይደለችም።»

«ታዲያ ምን አገባት?» አሉ ሁለቱም ባንድ ጊዜ። ከዚያ ተያዩ። ወዲያው ደግሞ ወደ ስክሪኑ ዞሩ።

ፍቅረ ማርያም የአኩሪ አተሩን ፓኬት ወደ ካሜራው አስጠጋ። ቀደደው። ውሃው መፍላቱን አሳየ። ሊጨምር እጁን ሲያነሣ ምስሉ ቀጥ አለ። እጁ አየር ላይ ቀረ፤ አፉ ተከፍቷል።

«ምነው ቆመ?» አሉ የኔታ።

«ኔትወርክ ነው።»

«መደበቂያ ጊዜ እንዳያገኝ።»

«ሁሉም ነው የቆመው የኔታ። ውሃውም ቆሟል።»

ሐጂ ጠጋ ብለው አዩና «እንፋሎቱ ቆሟል፤ እውነቱን ነው» ብለው መሰከሩልኝ።

ምስሉ ሲመለስ ቁርጥራጩ ውሃው ውስጥ ነበር። «ጨመርከው?» አሉ የኔታ። «አላየሁም። እንደገና።» ልጁ ሌላ ፓኬት ቀደደ። በዚህኛው ጊዜ ሁላችንም አየን፤ እንደ ጠጠር እየተንቃጫቀጨ ገባ፣ ተንሳፈፈ፣ ከዚያ ቀስ እያለ ያብጥ ጀመር። ሱሀይብ አንዱን በማንኪያ አውጥቶ ጨመቀው፤ ውሃ ወጣው። በጣቱ ሲዘነጥለው ጅማት ጅማት አለ።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ የኔታ።

«አልሐምዱሊላህ» አሉ ሐጂ።

ቤቱ ቀለለ። ሐጂ «ምን ዓይነት ባቄላ ነው ባካችሁ!» ብለው ሣቁ። የኔታ ጥምጥማቸውን አስተካከሉ፤ ፊታቸው ከሰኞ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈታ አለ። ፍቅረ ማርያም ትከሻው ሲወርድ አየሁት። እዚህ ላይ ብናቆም ሸጋ ነበር።

የኔታ ግን ቀጠሉ። «እንግዲህ እሑድ ማኅበሩ ፊት እቆማለሁ። ዋኘውም ባለበት። ልጄ ከዚህ ከወጣ ጀምሮ አንዲት ቀን ከሥርዓቱ አልወጣም ብዬ በፈጣሪ ስም እምላለሁ።»

እኔ ጥቅምት ላይ የሆነውን አውቅ ነበር። ጽፎልኛል። ፍቅረ ማርያም ዓይኑን ወደ ካሜራው አነሣ፤ የኔታን ይመልከት እኔን አላወቅሁም። በየቀኑ ሳልፈልገው የሚጠፋው መብራት ያን ሰዓት እንዲጠፋ ተመኘሁ። አልጠፋም። ኔትወርኩም እንደዚያ ጥርት ብሎ አያውቅም።

«አባ፣ አትማል» አለ ፍቅረ ማርያም።

«ምን አልክ?»

«ፎቶው ላይ ያለው ይኼው ነው፤ ባቄላ ነው። ግን አትማልልኝ። ጥቅምት ላይ ታምሜ ነበር። የትንኝ በሽታ ነው፤ ሆስፒታል ሄጄ መድኃኒት የለውም፣ ብላና ጠጣ ብለው መለሱኝ። ምንም አልወርድ አለኝ። በሰባተኛው ቀን መነሣት አቃተኝ። ሱሀይብ የዶሮ ሾርባ አመጣልኝ።»

የኔታ አልተንቀሳቀሱም። ኔትወርክ ዳግመኛ የቆመ መሰለኝ።

«የት ተሠራ? ሥጋ አይገባም አላችሁ» አሉ በመጨረሻ።

ሱሀይብ መለሰ። «የሱዳን ልጆች ቤት ነው የሠራሁት የኔታ። በፔርሙዝ አመጣሁት። ክርስቲያን አራጅ ፈልጌ ነበር፤ አላገኘሁም።»

«አታለልከው?»

«አላታለለኝም አባ» አለ ፍቅረ ማርያም። «"ያረድኩት እኔ ነኝ፤ ጠጥተህ ትጣላኛለህ ወይስ ሳትጠጣ ትሞትብኛለህ?" አለኝ። አውቄ ጠጣሁ።»

ሐጂ አንገታቸውን ደፉ። «የኔታ፣ ይቅር ይበሉን» አሉ ቀስ ብለው።

የኔታ ዓይናቸውን ከስክሪኑ አልነቀሉም። «ስንት ጊዜ?» አሉ ልጃቸውን።

«ሦስት ቀን።»

«ከዚያስ?»

«ተሻለኝ።»

«ለምን አልነገርከኝም መታመምህን?»

«አባ፣ ታምሜያለሁ ካልኩህ ምን በላህ ትለኛለህ።»

የኔታ መቋሚያቸውን ፈለጉ። አጠገባቸው ነበር፤ አላዩትም፤ እኔ አቀበልኳቸው። ደኅና ዋል ሳይሉ ወጡ። ስክሪኑ ላይ ሁለቱ ልጆች ቆመዋል፤ ከኋላቸው ድስቱ እያረረ ነው፤ ማንም አልነገራቸውም። ሐጂ ናቸው በስተመጨረሻ «ድስቱን አውርዱ» ያሉት።

ዓርብ ፍቅረ ማርያም ዕቃውን ማሸግ ጀመረ። ብዙም እንዳልሆነ ጻፈልኝ፤ መጻሕፍት፣ ነጠላ፣ ያላለቀ በርበሬ። በርበሬውን ለሱሀይብ ትቶለታል። «ስለ ተናገርኩ አይቆጨኝም» አለ። «ቢምልልኝ ኖሮ ግን ይቆጨኝ ነበር። የሚቆጨኝ ዲግሪው ነው።»

ቅዳሜ ረፋድ ላይ በሬ ተከፈተና የኔታ ገቡ። በአንድ እጃቸው መቋሚያ፣ በሌላው በጋዜጣ የተጠቀለለ ትልቅ ነገር ይዘዋል። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ድንግ አለ።

«ወደዚያ አገር የሚሄድ ሰው ታውቃለህ ብለውኛል።»

«አውቃለሁ። አንድ አስተማሪ ከፋሲካ በኋላ ይሄዳል። ምንድነው የኔታ?»

«ድስት ነው።»

ጋዜጣውን ገለጥ አድርጌ አየሁ። አዲስ ብረት ድስት፣ ክዳን ያለው። የሐጂ ሱቅ ወረቀት አሁንም ክዳኑ ላይ ተለጥፏል።

«የኔታ፣ ሕንድ አገር ድስት አለ እኮ።»

«እኔ የላክሁት ድስት አለ?»

የለም አልኩ።

«እንግዲህ ጻፍ» አሉ። ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጥኩ። «በአንድ ቤት ሁለት ወገን ካለ ሁለት ድስት ይኖራል። ይህን ከቤትህ ታውቀዋለህ፤ ረስተኸው ነው። ይህ ያንተ ነው። ስትመለስ ለንስሐ አባትህ የምትናገረውን እዚያው አስበው፤ እኔ አልናገርልህም። ከቤቱ አትውጣ።» እጄ ፊደሉ ላይ እንዳለ ጠበቅኋቸው። «ለዚያ ልጅ ሰላም በልልኝ ብለህ ጨምርበት።»

ጻፍኩና ላኩት። መልሱ ሳይመጣ ሐጂ አብዱልመናን እያለከለኩ ገቡ፤ እሳቸውም በጋዜጣ የተጠቀለለ ይዘዋል። መጠኑ ያው ነው።

«አንዱን ከሸጥኩላቸው በኋላ አሰብኩት» አሉ ለእኔ፤ «ለአንዱ ብቻ አዲስ ሲላክ ለሌላው ነውር ነው።»

እሑድ ማኅበሩ ላይ የሆነውን ዋኘው ነው የነገረኝ፤ ቅር ብሎት ነበር። የኔታ ተነሥተው፣ «ፎቶው ላይ ያያችሁት ባቄላ ነው፤ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ልጄ ጥቅምት ላይ ታሞ ለሞት ደርሶ ነበር፤ የአዲስ ዓለም ልጅ አስታመመው» ብለው ተቀመጡ። አልማሉም። ዋኘው «በምን አስታመመው?» ብሎ ሊጠይቅ ሲነሣ፣ «አንተ ታመህ ስትተኛ እነግርሃለሁ» አሉት።

አስተማሪው ሁለቱን ድስቶች አፍ ለአፍ ገጥሞ፣ ካልሲውን መሃል ላይ ጠቅጥቆ ወሰደ። አየር ማረፊያ ላይ ምንድነው ሲሉት አደራ ነው ብሎ አለፈ።

ግንቦት ውስጥ ፎቶ ተለጠፈ። ሁለቱን አባቶች አስጠራኋቸው። ያች አንዷ ምድጃ አለች። አንዱ ድስት ተጥዷል፤ ሌላው ወለሉ ላይ ተራውን ይጠብቃል። ሥጋ በማይገባበት ቤት ሁለቱም ድስቶች ውስጥ ያለው ያው የሚያብጠው ባቄላ ነው። ከሥሩ ሱሀይብ «አሁን ሥርዓት ያዝን» ብሎ ጽፏል።

ሐጂ ስክሪኑ ላይ አፍንጫቸውን ሊያስነኩ ደረሱ። «የተጣደው የማን ነው? የኔ ነው የእርስዎ?»

«የኔ ምልክት አለው» አሉ የኔታ። «በሚስማር መስቀል ጭሬበታለሁ።»

«የታለ? አይታየኝም።»

«ከሥሩ ነው።»

«ከሥሩ! እሳት ላይ ሲጣድ በምን ይለዩታል?»

የኔታ ፎቶውን አየት አደረጉት። እኔም አየሁ። ክዳኑ ሰፊ ነበር፤ ጎኑም ንጹሕ ነበር፤ መስቀል የሚጫርበት ቦታ ሞልቶ ነበር።

«ሲያጥቡት ያዩታል» አሉ።